ሁላችንም የተዳርንበት ሀብል

ላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ወዳለው ሰፈራችን ግቡና ካገኛችኋት ባለትዳር ቤት የሰርግ ፎቶ አሳዩን በሉ። ቬሎው ይለያያል፣ ሚዜዎቹ ይለያያሉ፣ ባልየውም ተመስገን ይለያያል። አንገት ላይ ያለው ወርቅ ግን አንድ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ወፍራም ሀብል ነው፤ ጫፉ ላይ የድሮ የወርቅ ገንዘብ ተንጠልጥሎበታል፤ በአንድ ፊቱ ንጉሥ፣ በሌላው አንበሳ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያንን አንበሳ ደረቷ ላይ አድርጋ ነው የተዳረችው። እኔም አንዷ ነኝ፤ ፀጉር ቤት ያለኝ፣ ጴንጤዋ፣ አፈኛዋ ሰርክ።

ሀብሉ የእትዬ ለቴ ነው። ነበር ማለት ይሻለኝ ይሆን? እሱን ራሱ ነው ልነግራችሁ የተነሳሁት፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ወሬው አይጥመኝም፣ ስለዚህ አታጣድፉኝ።

ሙሉ ስማቸው ለተጊዮርጊስ ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራቸው ግን የወረዳ ሰው ብቻ ነው። የተወለዱት እላይ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ነው። አባታቸው ባሕር ዛፉ መሐል ባለች ቁራጭ መሬት ገብስና ድንች የሚዘሩ ገበሬ ነበሩ። በሳጥናቸው ውስጥ ግን አንድ የወርቅ ገንዘብ ነበራቸው፤ አያት ከአንድ መኳንንት ቤት አገልግለው በሽልማት ያገኙት ነው ይባላል፣ እውነቱን የሚያውቅ የለም። እትዬ ለቴ ገና ልጅ ሆነው፣ ገንዘብ ነው ሲባል ሰምተው ከሳጥኑ አወጡትና ሱቅ ሄደው ከረሜላ ስጠኝ አሉ። ባለሱቁ አገላብጦ አየና የኮት ቁልፍ ነው፣ ለእናትሽ መልሺ ብሎ አባረራቸው። ይህንን ሲያወሩ እስከ ዛሬ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ያ ሰውዬ አንዲት ከረሜላ ሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባለፎቅ ነበር ይላሉ።

አባታቸው ሲሞቱ የደረሳቸው ያ ገንዘብ ብቻ ነው። ይዘውት ወደ ታች ወረዱና ላምበረት መንገድ ዳር ሻይ ማፍላት ጀመሩ። ያኔ መናኸሪያው አልተሠራም፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሹፌር ግን እሳቸው ጋ ቆሞ ትኩስ ነገር ሳይቀምስ አያልፍም ነበር። የሻዩን ትርፍ ባንክ አላስገቡም፤ በወረቀት አያምኑም። ትንሽ በተጠራቀመላቸው ቁጥር ወደ ወርቅ ሰሪው ወደ ጋሽ ጎበና ይሄዱና አንዲት ስስ ቀለበት፣ የተሰበረ አምባር፣ የተገኘውን ይገዛሉ። አንድ ጊዜ ጥንዱ የጠፋበትን አንድ ጉትቻ አነሱ። ጋሽ ጎበና አንድ ጉትቻ ምን ያደርግልሻል ሲሏቸው፣ ታዲያ ወርቅነቱም ግማሽ ነው እንዴ ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። በመጨረሻ ያን ሁሉ ቁርጥራጭ አንድ ላይ አስቀልጠው ሀብል አሠሩበት፤ ያባታቸውንም ገንዘብ አንጠለጠሉበት።

ለምን መሰላችሁ? ሊያገቡ ነበር። እንድርያስ የሚባል የወሎ መስመር ሹፌር ነበር፤ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ በዚያው ልቡን ጥሎ የቀረ። ቀኑ ተቆርጦ፣ ድንኳኑ ተከራይቶ፣ ሰው ተጠርቶ ሳለ መኪናው ገደል ገባ። ከዚያ በኋላ እትዬ ለቴ ሌላ ወንድ ቀና ብለው አላዩም። ሀብሉም በቀይ ከፋይ ማስቀመጫው እንዳለ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ።

እንዲህ ሆኖ ይቀር ነበር፣ አስካለች ባትኖር። አስካለች የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ዛሬ የልጆች እናት ሆና ከእኔ ፀጉር ቤት ፊት ለፊት አትክልት ትሸጣለች። የሰርጓ ዕለት ጠዋት ባዶ አንገቷን በመስታወት እያየች ስታለቅስ እትዬ ለቴ ሰሙ። ቤታቸው ገቡ፣ ያንን ከፋይ ማስቀመጫ ይዘው ተመለሱ፣ አጠለቁላት። አስካለች ሰኞ ጠዋት ስትመልስ ሌላዋ ሙሽራ በር ላይ ቆማለች። ከዚያ በኋላማ በሰልፍ ሆነ።

ክፍያ የሚባል ነገር የለም። አንድ የሙሽራ አባት ኪሳቸው ቢገቡ፣ እትዬ ለቴ እኔ የምሸጠው ሻይ ነው ብለው የጠጡትን ሻይ ብቻ አስከፈሏቸው። ትእዛዛቸውን ግን እግዜር ያሳያችሁ! ሽቶ እንዳይነካው። አጥልቀሽው እንዳትተኚ። ላንዷ ላሳያት ብለሽ ለሌላ እጅ እንዳትሰጪ። ሰኞ ጠዋት ከነማስቀመጫው እዚህ ጠረጴዛ ላይ። ይህንን የሰፈሩ ሴት በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከጋብቻ ቃል ኪዳኗ ይልቅ እሱን ነው የምታስታውሰው።

ያኔ እሳቸው አንገት ላይ ግን አይተነው አናውቅም ነበር። በዓል ይመጣል፣ ክርስትና ይመጣል፣ ሁሉም ያለውን ያደርጋል፤ የእትዬ ለቴ አንገት ባዶውን ነው። ስንጨቀጭቃቸው ‘የሙሽራ ነው’ ይሉና ወሬ ያስለውጣሉ።

የእኔን ሰርግ ልንገራችሁ። በኛ ቤተ ክርስቲያን የዛሬን አያድርገውና ሽማግሌዎቹ ወርቅ አይወዱም ነበር፤ ከቀለበት ሌላ ያጠለቀች ሙሽራ በስብከት መሐል በስም ባትጠራም በዓይን ትጠራለች። እኔ ደግሞ ያንን ሀብል ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የተመኘሁት። ምን አደረግኩ? አንገቱ እስከ አገጭ የሚደርስ ቬሎ አሰፋሁና ሀብሉን ከውስጥ አጠለቅኩት። ፓስተሩ ሲያጋቡን አንበሳው ደረቴ ላይ ይቀዘቅዘኛል። ለፎቶ እንጦጦ ስንወጣ ባሕር ዛፉ መሐል ቁልፉን ፈታሁና አወጣሁት፤ ባሌ ቤኪ ያኔ ነው ያየው። ሳቅ ገድሎት ፎቶግራፈሩ ሦስት ጊዜ ነው የደገመው።

እንግዲህ ወደ ጉዱ እንምጣ።

ዘንድሮ ከጾም በፊት ሔራን ተዳረች፤ እኔ ጋ ፀጉር ስትሠራ ያደገች ልጅ ናት። ባሏ ለይኩን ባንክ የሚሠራ፣ ክራቫቱን የማይፈታ፣ ጨዋ ልጅ ነው። እናቱ እማማ አሳየች እላይ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ ስለዚህ የኛን ሰፈር ሀብል አይተውት አያውቁም። ይህንን ያዙልኝ።

ለይኩን ለጥሎሽ ሀብል እገዛለሁ ብሎ ለእናቱ ተናግሯል፣ እናቱም ለዘመድ ሁሉ ተናግረዋል። ወርቅ ደግሞ እንደምታውቁት ሄዶ ሄዶ ጣራ ነካ። ለሀብል ብሎ ሲያጠራቅም የቆየው ልጅ ቀለበት ብቻ ገዝቶ ወጣ። የሚገባበት ጠፋው፣ ከሔራን ጋር ተመካከሩ፣ እትዬ ለቴ ጋ መጥቶ ተንበረከከ። ጥሎሹ ላይ ላሳየውና ልመልስልዎ፣ የራሷን ቀስ ብዬ እገዛላታለሁ አለ። እትዬ ለቴ ለሙሽራ አውሰው ያውቃሉ፤ ጥሎሽ ነው ብሎ ለሚያሳይ ወንድ ሙሽራ ግን አውሰው አያውቁም። ነገሩ አልጣማቸውም። ሔራንን ስለሚወዷት ብቻ እሺ አሉ።

በጥሎሹ ዕለት የወንዱ ወገን ሽማግሌ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሱ ያሳያሉ፤ ቀሚስ፣ ጫማ፣ ጥላ። ከዚያ ሀብሉን ከፍ አድርገው አነሱት። ወይ የሴቱ ብዛት፣ ወይ የሳሉ ብዛት! የኔን ጨምሮ ግማሽ ቤት ሳል ያዘው። እማማ አሳየች ግን በልጃቸው ኩራት ፊታቸው በርቶ እልል አሉ፤ ማን ደፍሮ ምን ይበላቸው?

ሰኞ መመለስ ነበረበት። መልሱ ረቡዕ ሆነ፣ ቅልቅሉ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላለፈ፣ የገጠር ዘመድ ደግሞ የሙሽራዋን ወርቅ ሳናይ አንሄድም አለ። ሔራን ደውላ ስትለምን እትዬ ለቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትእዛዛቸውን ሰበሩ። እስከዚያው ሙሽሮቹ እማማ አሳየች ቤት ስለነበሩ ማስቀመጫውም እዚያው፣ ሔራን ሻንጣ ውስጥ ተቀመጠ።

እማማ አሳየች ደግሞ ለማንም ያልነገሩት ስለት ነበረባቸው። ለይኩን ልጅ ሆኖ ታሞ ሞተ ሲባል፣ ይኼ ልጅ ተርፎ ለወግ ማዕረግ ከበቃ የሙሽራዋን ወርቅ ለአንቺ ብለው ለኪዳነ ምሕረት ተስለዋል። ልጁ ተረፈ፣ አገባ፣ ወርቁም ይኸው። የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዘንድሮ እሁድ ነበር የዋለችው፤ በዋዜማው፣ የቅልቅሉ እንግዳ ሲበተን፣ ሻንጣውን ከፈቱ፣ ማስቀመጫውን በነጠላቸው ጠቀለሉ። ለልጆቹ ያልነገሯቸው ይከለክሉኛል ብለው ሳይሆን፣ ካስረከቡ በኋላ ሊያስደስቷቸው ነው። ሌላ ይገዛላታል፣ ባንክ አይደል የሚሠራው?

እኔ እሁድ ጠዋት አምልኮ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ ዘጋሁት፣ ደግሞ መጣ። ወጥቼ ሳነሳው ሔራን ናት፣ ለቅሶዋ ቃሏን ውጦታል። ሻንጣው ባዶ ነው፣ ጎረቤት እንደነገራቸው አማቷ ወርቅ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ገብተዋል፣ ስለቱም በርክክብ ላይ ነው። ክው አልኩ። የት እንደምሄድ ሳላውቅ እግሬ ወደ ሻይ ቤቱ ወሰደኝ።

እትዬ ለቴ ለንግሥ ነጭ ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ደረስኩ። ነገርኳቸው። የሻዩን እሳት አጠፉና በሩን ቆለፉ። ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ሽቅብ ወጣን፤ ከላይ መንገዱ በሰው ስለተዘጋ የቀረውን ባሕር ዛፉ መሐል በእግር ነው የሄድነው። እኔ እየሮጥኩ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው አልሮጡም፣ አላለቀሱም። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ፤ ሃኒም ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። ሃኒ እናት አባቷ ሞተው እሳቸው ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ ናት። ያሳደጓት ልጅ ያለ ሀብሉ ልትዳር ማለት ነው።

ስንደርስ ታቦቷ ገብታ ምእመኑ አጸዱን ሞልቶ ቆሟል። በየዓመቱ እንደሚደረገው የስለቱ ዕቃ ለጨረታ ወጥቷል። መሪጌታ ተክለጻድቅ ማይክ ይዘው መድረኩ ላይ ናቸው፤ ጥላ ይሸጣሉ፣ መጋረጃ ይሸጣሉ፣ ጨዋታቸው ሰው ያስቃል። ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ያ ቀይ ከፋይ ማስቀመጫ ተከፍቶ ተቀምጧል። ከፊት ለፊት እማማ አሳየች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፣ ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ ያስፈራል። ከኋላቸው ለይኩንና ሔራን፤ የልጁ ከንፈር ደም የለውም።

እኔ ወደ መድረኩ ልሄድ ተነሳሁ። ሄጄ ለካህናቱ እውነቱን ልነግር ነው፤ ስህተት ነው፣ የሰው ዕቃ ነው፣ አለቀ። እትዬ ለቴ ክንዴን ያዙኝ፤ አያያዛቸው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

‘ሰርክ፣ አፍሽን ዝጊ’ አሉኝ። ‘ለእመቤቴ ከተሰጠ በኋላ መልሱልኝ የምል ሴት አይደለሁም። አሳየችንም በሕዝብ ፊት አላዋርዳትም፤ ስለቷን ያደረሰች ሴት ናት።’

‘እርስዎስ?’ አልኳቸው።

‘እኔ ሀብል ሳይኖረኝ ነው የተወለድኩት’ አሉና ወደ ባሕር ዛፉ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

በዚያች ሰዓት የተናደድኩትን ንዴት በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። በማን እንደተናደድኩ ግን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። በእማማ አሳየች እንዳልናደድ አሮጊቷ ንጹሕ ናቸው። በለይኩን እንዳልናደድ ልጁ ቆሞ እየሞተ ነው። እንዲህ ስቃጠል መሪጌታ ሀብሉን በጣታቸው አንጠልጥለው ከፍ አደረጉት። ፀሐይ አገኘው፣ አንበሳው አበራ። ከሕዝቡ መሐል፣ ከዚህም ከዚያም፣ ሴቶች ‘እንዴ’ ሲሉ ሰማሁ። ዞር ብል የላምበረት ሴት ሁሉ እዚያ ነው ያለው፤ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነዋ! አስካለች ከነነጠላዋ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ሁሉም አውቀውታል። እንዴት አያውቁትም?

መሪጌታ ዋጋ ጠሩ። መሪ የሚባለው ሰፈር ሱቅ ያላቸው አቶ አዱኛ የሚባሉ ወርቅ ነጋዴ ወዲያው ጨመሩ፤ ዓይናቸው ባለአንበሳው ገንዘብ ላይ ነው የተተከለው፣ የድሮ ገንዘብ ይሰበስባሉ አሉ። ሌላ ሰው አልተናገረም። መሪጌታ አንደኛ ጊዜ አሉ፣ ሁለተኛ ጊዜ አሉ፣ ከዚያ አንድ እጅ ከፍ አለ። የማን መሰላችሁ? የኔ! ከአምልኮ በቀጥታ የመጣሁ፣ መጽሐፍ ቅዱሴ ብብቴ ሥር ያለ፣ እኔ ሰርክ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጸድ ውስጥ ቆሜ ስለት እጫረታለሁ። ፓስተሬ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ አሰብኩና ደግሞ ተውኩት።

አቶ አዱኛ ጨመሩ። እኔ ጨመርኩ፤ ፀጉር ቤቴን ላሳድስ ያስቀመጥኩት አለቀ። አስካለች ከኋላ ጮኸችና ጨመረች። አቶ አዱኛ ዞረው እንኳ ሳያዩን ጨመሩ። ሌላዋ የላምበረት ሴት ጨመረች፣ ሌላዋ ጨመረች፣ እየተጋፋን ወደ አንድ ቦታ ተሰበሰብን። ዋጋው በወጣ ቁጥር እማማ አሳየች እልል ይላሉ፤ የኔ ስለት ነው እያሉ ለጎረቤት ያሳያሉ። እኔ ከእልልታቸው ጋር ልቤ ትዘላለች፣ ላቅፋቸውም ላንቃቸውም እያማረኝ። ከዚያ ጥሬ ገንዘባችን አለቀ። የሁላችን ተደምሮም አቶ አዱኛ ያሉት ላይ አልደረሰም። መሪጌታ አንደኛ ጊዜ አሉ።

አስካለች እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች። ጉትቻዋን አንዱን ፈታች፣ ሌላውን ፈታች፣ እጄ ላይ አስቀመጠች። እኔ ሻሼን ከራሴ አወለቅኩና መሬት ላይ ዘረጋሁት።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዝናብ ሲጀምር ጠብታው እንደሚመጣው ነው የመጣው። ቀለበት፣ ጉትቻ፣ ቀጭን አምባር፣ የልጅ ክርስትና መስቀል። አንዷ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ ብሏት በምራቋ እያረጠበች ታገለች። ሔራን መጣች፤ የቃል ኪዳኑን ሳይሆን የመታጫ ቀለበቷን ጣለች። እኔ ያለኝ የጋብቻ ቀለበቴ ብቻ ነው። አወለቅኩት። የሻሼን አራት ጫፍ ይዤ ወደ መድረኩ ስሄድ ሕዝቡ መንገድ ከፈተልኝ።

‘መሪጌታ፣ ወርቅ ይቀበላሉ?’ አልኳቸው። ድምፄ በማይኩ ገብቶ ባሕር ዛፉን አልፎ ተሰማ።

መሪጌታ ሻሹን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ባዶ ጆሯችንን አዩ። ነገሩ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ የሆነ ነገር እንዳለ ግን ገባቸው። ‘ድሮስ ገንዘቡ ወርቅ አልነበር?’ አሉ። ‘ግን ማን ይመዝነዋል?’

አጸዱ ውስጥ ሚዛን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አቶ አዱኛ ከኮታቸው ኪስ ያቺን የወርቅ ነጋዴ ትንሽ ሚዛን ሲያወጡ ሻሹን ወደ ራሴ ሳብኩት። ተፎካካሪያችን ናቸው፤ በካራት ቢያሳንሱብን፣ ይኼ ቅብ ነው ብለው ቢጥሉብን ማን ይከራከራቸዋል? መነጽራቸውን አደረጉ። አንድ በአንድ እያነሱ አዩ፣ አሹ፣ መዘኑ። የአስካለችን ጉትቻ ሲመዝኑ ቀና ብለው ጆሮዋን ተመለከቱ። የኔን ቀለበት ሲያነሱ ውስጡ የተጻፈውን የቤኪን ስም አነበቡ። እማማ አሳየች እንኳ እልልታቸውን አቁመዋል። የመጨረሻውን ከሚዛኑ አወረዱ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

‘የእነሱ ይበልጣል’ አሉ። ሚዛናቸውን ኪሳቸው ከተው ከሰው መሐል ገቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ፣ አልናገር። እኔ እንኳን እልልታ የማላውቀው እልል አልኩ። አስካለች መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ሴቱ ተቃቀፈ፣ ለይኩን ግንድ ላይ ተደግፎ ክራቫቱን ፈታ። መሪጌታ በማን ስም ልመርቅ ብለው ጠየቁን። እርስ በርሳችን ተያየን። የእትዬ ለቴን ስም ብንጠራ እማማ አሳየች ለምን ብለው ይጠይቃሉ። ‘በላምበረት ሙሽሮች’ አልኩ፤ መረቁን።

ሀብሉን ይዘን ወደ ባሕር ዛፉ ሮጥን። እትዬ ለቴ ሁሉንም ሰምተዋል፣ ፊታቸው በእንባ ታጥቧል። አስካለች ማስቀመጫውን ስታቀርብላቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። አይሆንም አሉ። ለእመቤቴ ተሰጥቶ ከእኔ ወጥቷል፣ እናንተ ደግሞ ከጆሮአችሁ ነቅላችሁ ገዝታችሁታል፣ እንግዲህ የናንተ ነው። ለመንናቸው፣ ተቆጣናቸው፣ እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሀብሉ እኔ ፀጉር ቤት፣ ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። ቤኪ ማታ ባዶ ጣቴን አይቶ ቀለበትሽስ ሲለኝ ኪዳነ ምሕረት ጋ ነው አልኩት። ነገሩን ስጨርስለት፣ ጴንጤ ሆነን ስለት አስገባን ማለት ነው ብሎ እስኪተኛ ሳቀ።

እማማ አሳየች እስከ ዛሬ አያውቁም። ለይኩን ከዚያን ቀን ወዲህ ሀብሉን የሚተካ ነገር ለሔራን መግዛት ጀምሯል፤ እንደ እትዬ ለቴ በቁርጥራጭ።

ከፋሲካ በኋላ፣ የሃኒ ሰርግ ሳምንት ሲቀረው፣ እትዬ ለቴ ፀጉር ቤቴ መጡ። አንዷን ፀጉሯ እንዲደርቅ ካስክ ሥር አስቀምጬ ነበር። እንደ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ጠበቁ፤ ግቡ ብላቸውም አልተነሱም። ሴትየዋ ከፍላ ስትወጣ ጠጋ አሉኝ።

‘ሀብሉን ለመዋስ ነው የመጣሁት’ አሉ።

ሳቄን ልቆጣጠረው አልቻልኩም። ሁሉንም ትእዛዝ እንደ እሳቸው ኮስተር ብዬ ደረደርኩላቸው፤ ሽቶ እንዳይነካው፣ አጥልቃው እንዳትተኛ፣ ለሌላ እጅ እንዳትሰጥ፣ ሰኞ ጠዋት ከነማስቀመጫው እዚህ ጠረጴዛ ላይ። ለሃኒ ይንገሯት አልኩ። በየመሐሉ እሺ እያሉ አዳመጡኝ።

‘ሃኒ የራሷ አላት፣ ባሏ ገዝቶላታል’ አሉ። ‘ለእኔ ነው።’

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

‘የኔ ሳለ ማጥለቅ አልሆነልኝም’ አሉ፣ መስታወቱን ሳይሆን እጃቸውን እያዩ። ‘ባነሳሁት ቁጥር የእንድርያስ ሰርግ ነው የሚመጣብኝ። አሁን የናንተ ነው። እንደማንኛዋም ሴት ተውሼ ልሞክረው።’

ቁም ሣጥኑን ከፈትኩና ወደ መስታወቱ አዞርኳቸው። ከኋላ ሆኜ ቁልፉን ቆለፍኩላቸው። እሳቸው ቀና ብለው አዩት፣ ንጉሡን በጣታቸው ገለበጡና አንበሳውን ወደ ውጭ አደረጉት፣ በቃ አሉ።

በሰርጉ ቀን የሃኒ እናት ሆነው ገቡ። ጨፈሩ ብላችሁ ታምናላችሁ? አንበሳው ደረታቸው ላይ እየዘለለ፣ እኛ የሰፈሩ ሙሽሮች ዙሪያቸውን ከበን አጨበጨብንላቸው። እማማ አሳየችም ተጠርተው ነበር። ሀብሉን ትኩር ብለው አዩና የኔን ስለት ይመስላል፣ ከየት አገኘሽው ብለው ጠየቁ። ለይኩን የሚጠጣው ውኃ አነቀው። እትዬ ለቴ ግን ሳይደነግጡ ከሰፈር ሴቶች ተውሼ ነው አሏቸው፤ እውነት ነው፣ ምን ይባላል።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬን ጠርጌ ጠበቅኩ። አልመጡም። ማክሰኞም አልመጡም። አስካለች መንገድ ተሻግራ ሀብሉ ተመለሰ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አልተመለሰም አልኳት። ሁለታችንም ወደ ሻይ ቤቱ ተመለከትን። እትዬ ለቴ ጎንበስ ብለው ለተሳፋሪ ሻይ ሲቀዱ አንበሳው ከቀሚሳቸው ወጥቶ ብርጭቆው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እስከ ዛሬ አልመለሱም፤ ከመሐላችን የጠየቃቸው የለም።